የካናዳ ፕሬሪ አቅኚ ገበሬና የትምህርት ቤት ባለአደራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በካልጋሪ፣ በኤድመንተን፣ በሳስካቱን ወይም በሬጃይና የምትኖሩ ሰዎች ከከተማ ወጣ ስትሉ አይታችሁ ይሆናል። በስንዴ ማሳ መሀል ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ቤት ብቻዋን ቆማለች። አንዳንዷ በሯ ላይ ስምና ቁጥር ተጽፎባታል። የድሮ የገጠር ትምህርት ቤት ናት። ማን ሠራት? ማን አስተዳደራት? ልጆች ስለ ሰፋሪዎች የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ጥያቄው ወደ ወላጅ ይዞራል። በብዛት የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፕሬሪ የሚባለው የትኛው አካባቢ ነው?

የዛሬዎቹ ማኒቶባ፣ ሳስካችዋንና አልበርታ ደቡባዊ ክፍል ነው። ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ፣ ዛፍ የሚታየው በብዛት በወንዝ ዳርና በረግረግ አካባቢ ነው። ሳስካችዋንና አልበርታ ክፍለ ሀገር የሆኑት በ1905 ነው። ከዚያ በፊት የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች አካል ነበሩ።

መሬቱ እውነት በነጻ ነበር የሚታደለው?

በወረቀት ላይ፣ አዎ። በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር ይሰጣል። ወደ 65 ሄክታር መሆኑ ነው፤ በእኛ በድሮው አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ለመመዝገቢያ 10 ዶላር ይከፈላል። ከዚያ ሰውየው ሦስት ዓመት ይፈተናል። በየዓመቱ ቢያንስ ስድስት ወር እዚያው መኖር አለበት። ቤት መሥራት አለበት። የተወሰነ መሬት ማረስ አለበት። ይህን ሁሉ መፈጸሙን ጎረቤቶቹ ሲመሰክሩለት የባለቤትነት ወረቀቱን ይወስዳል። የብሪታንያ ተገዢ ያልሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዜግነቱን መቀየር ነበረበት።

እውነተኛው ወጪ የሚመጣው ከ10 ዶላሩ በኋላ ነው። በሬ፣ ማረሻ፣ ጋሪ፣ ምድጃ፣ ዘር፣ የክረምት ስንቅ፣ ሁሉም በገንዘብ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ የዓመቱን እኩሌታ ከመሬታቸው ርቀው ይሠሩ ነበር። አንዱ የባቡር ሐዲድ ይዘረጋል፣ ሌላው ጫካ ገብቶ እንጨት ይቆርጣል፣ ሌላው የተሻለ ገበሬ ቤት ይቀጠራል። የስድስት ወሩ ነዋሪነት የሚፈቅደውም ይህንኑ ነበር።

ሰፋሪዎቹ ሲመጡ መሬቱ ባዶ ነበር?

አልነበረም። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ቶሎ የሚታለፈው ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አገሩ የክሪ፣ የብላክፉት፣ የአሲኒቦይን፣ የሶልቶና የሜቲስ (ከቀዳማዊ ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን የተወለዱ) ሕዝቦች ነበር። መንግሥት ከ1871 እስከ 1877 ባሉት ዓመታት ብቻ ሰባት ውሎች ተፈራረመ። ቀዳማዊ ሕዝቦቹ የተፈራረሙት ኑሯቸው የተመሠረተበት የሜዳ ጎሽ እያለቀ፣ ረሃቡም እየቀረበ ባለበት ጊዜ ነው። ስለ ውሉ ትርጉም ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። ጎሹ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከካናዳ ሜዳ ጠፋ። ሰፋሪው ሲደርስ ያገኘው አጥንቱን ነው። የብዙዎች የመጀመሪያ ገቢ ያ አጥንት ነበር። ከሜዳው ለቅመው በጋሪ ወደ ባቡር ጣቢያ ወስደው፣ ለማዳበሪያና ለስኳር ማጣሪያ እንዲውል በቶን ይሸጡታል።

ቀዳማዊ ሕዝቦች ገበሬ መሆን አልፈለጉም የሚለው ወሬ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። በተከለለላቸው መሬት ላይ አርሰው ጥሩ ምርት ያገኙ ነበሩ። መንግሥት ግን ከ1889 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በማሽን ሳይሆን በእጅ መሣሪያ እንዲሠሩ ወሰነባቸው። እህል ለመሸጥም ከመንግሥት ወኪሉ ፈቃድ ማውጣት ነበረባቸው። ጎረቤታቸው የነበረው ነጭ ሰፋሪ በዱቤ ማጨጃ ሲገዛ እነሱ በማጭድ ያጭዱ ነበር። ልጆቻቸውም በአብዛኛው ሰፋሪው ወደ ሠራት ትምህርት ቤት አልገቡም። ከቤተሰብ ተነጥለው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ይወሰዱ ነበር። ከነዚህ አንዱ በ1884 በካፔል ሸለቆ ሌብረት ላይ ተከፈተ። ከዚህ በታች ስለ ባለአደራዎች፣ ማለትም ትምህርት ቤቱን እንዲያስተዳድሩ በጎረቤቶቻቸው ስለተመረጡት ሰዎች፣ የማወራው ይህ በጎን እየሆነ ሳለ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ምን ይመስል ነበር?

ሰውየው በጸደይ ይመጣል። እስከ መጨረሻው ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ በጋሪ። መሬቱ አስቀድሞ በቀያሾች በካሬ ተሸንሽኗል። እሱ ሣሩ ውስጥ የብረት ችካሉን ፈልጎ አግኝቶ «የኔ ከዚህ ይጀምራል» ይላል።

በመጀመሪያ መጠለያ ነው። እንጨት በሌለበት ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ በማረሻ ቆርጠው እንደ ብሎኬት እየደረደሩ ግድግዳ ያቆማሉ። ቤቱ በክረምት ይሞቃል። ዝናብ ሲጥል ግን ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ይቀጥላል። ቀጥሎ ውኃ ነው። ጉድጓዱ በእጅ ይቆፈራል፣ አንዳንዴም ጨው ውኃ ይወጣል።

ከዚያ እርሻው። ያልታረሰ የሣር ምድር ሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማረሻን ይፈትናል። በበሬ የሚያርስ ሰው በቀን አንድ ኤከር ከገለበጠ ጥሩ ውሏል ማለት ነው። በሬ ከፈረስ ይዘገያል፣ ግን ርካሽ ነው፣ ሣር በልቶ ያድራል። መጀመሪያ ዓመት ላይ የሚወጣው ድንችና ትንሽ አጃ ነው።

የሰደድ እሳት ሌላው ስጋት ነበር። በመከር ወቅት ሣሩ ሲደርቅ ከባቡር የወጣች ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ስለዚህ ገበሬው በቤቱና በክምሩ ዙሪያ ሣር የሌለበት ቀለበት ያርሳል። እሳቱ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ በርጥብ ጆንያ ይዋጋዋል። ክረምቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል።

ሁሉም ግን በሣር ቤት አልቀሩም። ከኦንታሪዮ የመጣው ዊልያም ሪቻርድ ማዘርዌል በ1882 በዛሬው ሳስካችዋን አበርኔቲ አካባቢ ሠፈረ። ለዓመታት ድንጋይ እያጋዘ በ1897 ሰፊ የድንጋይ ቤት ሠራ። ቤቱ ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ነው፣ መጎብኘት ይቻላል። ሰውየው በ1905 የሳስካችዋን የመጀመሪያው የግብርና ሚኒስትር ሆነ። የግብርና ትምህርት ቀስሞ የመጣ ሰው ስለነበር የተራው ሰፋሪ ምሳሌ ነው አልልም። ከሰፋሪነት እስከ ሚኒስትርነት መንገድ እንደነበረ ግን ያሳያል።

ምን ያመርቱ ነበር? ለምን ስንዴ ብቻ?

ስንዴ ገንዘብ ስለሚያመጣ ነው። አጃው ለፈረስ፣ ገብሱ ለከብት፣ ስንዴው ለባንክ።

የጊዜ ነገር ግን ከባድ ነበር። በመጀመሪያ የታወቀው ሬድ ፋይፍ የተባለው ዘር ግሩም ዱቄት ይወጣዋል፣ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ከጣለ የዓመቱ ልፋት አለቀ። የመንግሥት የእህል ተመራማሪው ቻርልስ ሳውንደርስ ከ1904 ጀምሮ መርጦ ያሻሻለው ማርኪስ የተባለው ስንዴ ከሳምንት በላይ ቀድሞ የሚደርስ ሆነ። ለገበሬው ከ1909 ገደማ ጀምሮ ተዳረሰ። ሳምንት ምን አላት የሚል ሰው የፕሬሪን ውርጭ አያውቅም።

ሁለተኛው ችግር ድርቀት ነው። በዚህ ላይ ጥሩ ታሪክ አለ። በ1885 ሜቲሶችና አንዳንድ የክሪ ሰዎች በመንግሥት ላይ ሲነሱ በዛሬው ሳስካችዋን በኢንዲያን ሄድ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው ለሠራዊቱ ጭነት ማመላለስ ጀመሩ። የዘር ጊዜ አለፈ፤ ብዙ መሬት ጦሙን አደረ። በ1886 ከባድ ድርቅ መጣ። ጦሙን ያደረው መሬት ግን እርጥበት ይዞ ስለቆየ ምርት ሰጠ። አንገስ ማካይ ይህን ልብ አለ። በኋላም በኢንዲያን ሄድ የሙከራ እርሻ ኃላፊ ሆኖ መሬትን በየተራ ማሳረፍን አስፋፋ። ዘዴው ለሃምሳ ዓመት ጠቀመ። በ1930ዎቹ ግን ያው ባዶ የታረሰ መሬት በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን አጠቆረው።

እህሉን ለማን ይሸጡ ነበር?

በባቡር ሐዲድ ዳር የሚቆም ኤሌቬተር የሚባል ረጅም የእንጨት ጎተራ ነበር። ገበሬው እዚያ አድርሶ ለጎተራው ባለቤት ይሸጣል። ሚዛኑም፣ ደረጃ አሰጣጡም፣ ዋጋውም በገዢው እጅ ነው። ጎተራውን ትቶ በቀጥታ ፉርጎ ላይ ልጫን ቢል ፉርጎ አይሰጡትም።

በዚህ የተማረሩ ገበሬዎች በ1901 ኢንዲያን ሄድ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ አንዱ ያው ማዘርዌል ነው። በ1902 የሲንታሉታ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ ፉርጎዎችን በሕጉ መሠረት አላደለም ብለው ከሰሱ፣ አሸነፉም። ይህን ያነሣሁት ለምክንያት ነው። ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ ድምፅ መቁጠርን ብዙዎቹ የተለማመዱት በትንሿ ትምህርት ቤት ጉባኤ ነው። ስብሰባው ራሱ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በዚያችው ክፍል ውስጥ፣ በልጆች ዴስክ ላይ ተቆራምደው ተቀምጠው ነበር።

ስንቶቹ ተሳካላቸው?

ከአሥሩ አራቱ ገደማ የባለቤትነት ወረቀቱን ሳያገኙ ለቀዋል። ሦስት ዓመቱን ያልቻለ ወይም ሌላ የተሻለ ያገኘ ብዙ ነው።

ሚስቱስ? እሷም መሬት ማግኘት ትችል ነበር?

ባል ያላት ሴት አትችልም። ያላገባችም አትችልም። ሕጉ ለሴት የሚፈቅደው የቤተሰብ ኃላፊ ከሆነች፣ በአብዛኛው ልጆች ያሏት መበለት ከሆነች ብቻ ነው። ጆርጂና ቢኒ ክላርክ የተባለች እንግሊዛዊት በ1905 ፎርት ካፔል አጠገብ እርሻ የጀመረችው መሬቱን በገንዘቧ ገዝታ ነው። እሷን የመሰለ ወንድ ግን 10 ዶላር ከፍሎ ይወስዳል። ሕጉ እንዲቀየር ደጋግማ ጠየቀች። መንግሥት አልሰማም።

ሥራው ግን ግማሽ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሴቲቱ ነበር። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጓሮ፣ ልብስ ስፌት። ባልየው ለቅጥር ሥራ ሲሄድ ደግሞ ከብቱም ቤቱም በእሷ ላይ ነው። ሱቅ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ በቅቤና በእንቁላል ነበር። በሦስቱ ክፍለ ሀገሮች ሴቶች በክፍለ ሀገር ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1916 ነው።

ትምህርት ቤት የሚከፍተው መንግሥት አልነበረም እንዴ?

መንግሥት ሕግ አወጣ፣ ትንሽ ድጎማ ሰጠ፣ ተቆጣጣሪ ላከ። የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ1901 በግዛቶቹ በወጣው ደንብ መሠረት በአንድ አካባቢ ቢያንስ አራት ግብር ከፋይ ነዋሪዎችና ለትምህርት የደረሱ 12 ልጆች ካሉ አንድ የትምህርት ቤት ወረዳ ማቋቋም ይቻላል። ስፋቱ በርዝመትም በወርድም ከአምስት ማይል አይበልጥም፤ ሕፃን በእግሩ ሊደርስ ይገባዋላ። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ይመርጣሉ፣ ስም ያወጣሉ፣ ከመንግሥት ቁጥር ይሰጣቸዋል። በር ላይ የሚታየው ስምና ቁጥር ይህ ነው። ስሙን ብዙ ጊዜ ከትውልድ አገራቸው መንደር ይወስዱታል።

ቀያሾቹ መሬቱን ታውንሺፕ በሚባሉ ትልልቅ ካሬዎች፣ እያንዳንዱንም ሴክሽን በሚባሉ 36 ትንንሽ ካሬዎች ከፍለውታል። መንግሥት ከየታውንሺፑ 36 ሴክሽኖች ሁለቱን፣ 11ኛውንና 29ኛውን፣ ለትምህርት ቤት ለይቶ አስቀምጧል። ብዙ ሰው ትምህርት ቤቱ የሚሠራው በዚያ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። እነዚያ መሬቶች ተሸጠው ገንዘቡ ወደ ትምህርት ፈንድ ይገባል። የትምህርት ቤቱ ቦታ የሚመረጠው ለየብቻ ነው፣ ጠቡም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ባለአደራው ሥራው ምን ነበር?

ባለአደራዎች ሦስት ናቸው። የሚመርጧቸው የወረዳው ግብር ከፋዮች ናቸው። የአገልግሎት ዘመናቸው ሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱ አንዱ ይቀየራል።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ቦታ ነው። ሁሉም ትምህርት ቤቱ ወደ እሱ ቤት እንዲጠጋ ይፈልጋል። ልጅ የሌለው ላጤ ደግሞ ግብር ስለሚያስከፍለው ጭራሽ እንዳይሠራ ይፈልጋል። በመሀል የወረዳው ካርታ ወጥቶ እምብርቱ ይለካል። እምብርቱ ረግረግ ሆኖ ቢገኝስ? ሌላ ስብሰባ።

ቀጥሎ ብድር ነው። ወረዳው ቦንድ ይሸጣል፣ ዕዳው በግብር በየዓመቱ ይከፈላል። ከዚያ ሕንፃው፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ ዴስኩ፣ ትልቁ ምድጃ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ሁለቱ የውጭ ሽንት ቤቶች፣ ልጆች የሚመጡበት ፈረስ የሚቆምበት በረት። ከዚያ አስተማሪ መቅጠር። ከዚያ ግብር መጣልና መሰብሰብ። ከዚያ የክረምት ማገዶ ወይም ከሰል። ማለዳ ምድጃውን የሚያቀጣጥለው አንድ ትልቅ ልጅ ነው፣ በቀን ጥቂት ሳንቲም ይከፈለዋል። የመስኮት መስታወት ቢሰበር የሚጠራው ያው ባለአደራ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የገንዘቡ ነገር ነው። ባለአደራው የአስተማሪዋን ደሞዝ ይወስናል። ያንን ደሞዝ የሚከፍለው ግብርም ከራሱ ኪስ ይወጣል። ጎረቤቱ ግብር ካልከፈለ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው፤ በነጋታው ግን ከዚያው ጎረቤት ጋር አብሮ ይወቃል። በደቦ የሚኖር ሰው ዕዳ ጠያቂ ሲሆን አስቡት። እህሉ በበረዶ በተመታበት ዓመት ትምህርት ቤቱን ስድስት ወር ብቻ እንክፈተው የሚል ሐሳብ ከመጣ ከስስት ብቻ አልመጣም። አንዳንድ ወረዳዎች በክረምት ይዘጉ ነበር፤ ሕፃናት በዚያ ብርድ አራት ኪሎ ሜትር አይሄዱም።

በሌላ በኩል ስስታም ባለአደራም ሞልቶ ነበር። ተቆጣጣሪው መጽሐፍ ግዙ ብሎ ጽፎ ሲሄድ፣ በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ ቃል ይጽፋል።

ደሞዝ ነበረው?

የለም። ፀሐፊና ገንዘብ ያዡ ግን ትንሽ አበል ያገኝ ነበር።

ራሱ ብዙ ያልተማረ ሰው ባለአደራ መሆን ይችል ነበር?

ይችላል፣ ብዙም ነበሩ።  እንዲያውም ብዙ ሳይማር ያደገ አባት ለትምህርት ቤቱ ከሁሉ በላይ ሲሟገት ማየት የተለመደ ነበር። ችግሩ መከር ሲደርስ ነው። ያው አባት በመስከረም ልጁን አስቀርቶ ነዶ ያስከምረዋል። በሳስካችዋን ልጅን ትምህርት ቤት መላክ የሚያስገድደው የ1917 ሕግ ሲመጣ አንዳንድ ባለአደራ በራሱ ልጅ መቅረት መወቀስ ነበረበት።

አስተማሪዋ ማን ነበረች?

ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት። በሬጃይና ወይም በካልጋሪ የመምህራን ማሠልጠኛ ጥቂት ወራት ተምራ ትመጣለች። አስተማሪ ሲጠፋ ደግሞ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚያስተምሩ ነበሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከስድስት ዓመት ሕፃን እስከ ጢም የሚያበቅል ጎረምሳ ድረስ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ሁሉንም ብቻዋን ታስተምራለች። ለትንንሾቹ ፊደል ታስቆጥርና ትልልቆቹን ሂሳብ ላይ ትተዋለች፣ ከዚያ ትገለብጠዋለች።

ማደሪያዋ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከባለአደራው ቤት። እስቲ ገምቱት። ቀጣሪህ ቤት ታድራለህ፣ ልጁን ትቀጣለህ፣ ማታ አብረህ ራት ትበላለህ። ብዙዎቹ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይተው ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ የአካባቢውን ገበሬ አግብተው እዚያው ይቀራሉ።

የዓመቱ ትልቁ ፈተና የተቆጣጣሪው ጉብኝት አልነበረም። የገና ዝግጅት ነበር። መላው ወረዳ ይመጣል። መጋረጃው አንሶላ ነው። ልጆች ግጥም ያነባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በመጨረሻ ከባለአደራዎቹ አንዱ ጢም ለጥፎ ስጦታ ያድላል። ወላጆች አስተማሪዋን ለሚቀጥለው ዓመት ለማቆየት የሚወስኑት ያን ማታ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በምን ቋንቋ ነበር የሚማሩት?

እዚህ ላይ ነገሩ ይጋጋላል። በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች በደንብ ይገባችኋል።

በማኒቶባ ከ1897 ጀምሮ በቂ ልጆች ካሉ በእንግሊዝኛና በሌላ ቋንቋ ማስተማር ይፈቀድ ነበር። በ1916 ተሰረዘ። በአልበርታ ደግሞ ከኤድመንተን በስተ ምሥራቅ ብዙ ዩክሬናውያን ሠፍረው ነበር። ባለአደራዎቹም ዩክሬናውያን ናቸው። ቋንቋቸውን የሚያውቁ አስተማሪዎች ቀጠሩ። በ1913 መንግሥት እነዚህ አስተማሪዎች የአልበርታ ፈቃድ የላቸውም ብሎ አባረራቸው። ከበላይ የተሾመ አንድ ሰው የተመረጡትን ባለአደራዎች ተክቶ እንዲሠራ ተደረገ። ቡኮቪና በተባለው ወረዳ ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀርተው እዚያው አጠገብ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ሠሩ። መጨረሻው የመንግሥት አሸናፊነት ሆነ።

የመንግሥት መከራከሪያ ልጆቹ እንግሊዝኛ ካላወቁ ይጎዳሉ የሚል ነበር። ወላጆቹም እንግሊዝኛ አይማሩ አላሉም፤ ሁለቱንም ይማሩ ነው ያሉት። ለኔ ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። በሕጋዊ መንገድ የተመረጠ ባለአደራ ምርጫው የበላይን ሲያስከፋ በአንድ ደብዳቤ መነሣቱ።

ጥቁር ሰፋሪዎች ነበሩ?

ነበሩ። በተለይ ከ1908 እስከ 1911 ከኦክላሆማና ከአካባቢው ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች መጡ። ኦክላሆማ በ1907 ክፍለ ሀገር ስትሆን ወዲያው የዘር መለያየት ሕግ ማውጣት ጀመረች፤ ካናዳ ደግሞ ለገበሬ መሬት አለኝ ትላለች። ከሠፈሩባቸው ቦታዎች የታወቀው ከኤድመንተን በስተ ሰሜን አታባስካ አጠገብ የሚገኘው አምበር ቫሊ ነው። ኒምሮድ ቶልስ የተባለ ሰፋሪ መሬት ሰጥቶ በ1913 በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አካባቢው ሣር ሳይሆን ጫካና ረግረግ ስለነበር ከማረስ በፊት መመንጠር ነበረባቸው።

መንግሥት በደስታ አልተቀበላቸውም። ነሐሴ 1911 የካናዳ ካቢኔ ጥቁሮች ለአንድ ዓመት እንዳይገቡ የሚከለክል ትእዛዝ አጸደቀ። ለአገሩ አየር ጠባይ አይመቹም የሚል ምክንያት ሰጠ። ትእዛዙ በተግባር ሳይውል በዚያው ዓመት ጥቅምት ተሰረዘ። የመንግሥት ወኪሎች ግን በሌላ መንገድ፣ በሕክምና ምርመራና በማስፈራራት፣ መምጣቱን አስቆሙት። ዛሬ በአልበርታ የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ «ጥቁር ሰው እዚህ አገር አዲስ መጪ ነው» ሲባል ከሰማ፣ የአምበር ቫሊን ስም ቢጠራ ጥሩ ነው።

በ1930ዎቹ ምን ሆነ?

ድርቁም የዋጋው ውድቀትም አብረው መጡ። በ1932 መጨረሻ አንድ ቡሽል፣ ማለትም 27 ኪሎ ግራም ገደማ ስንዴ፣ ከ40 ሳንቲም በታች ወረደ። አንበጣው የቀረውን በላ። ገበሬው ግብር መክፈል አቃተው፤ ግብር ከሌለ የአስተማሪ ደሞዝ የለም። ባለአደራዎች ደሞዙን ቆረጡ፣ የቀረውንም በገንዘብ ፈንታ «እንከፍላለን» የሚል ወረቀት ጽፈው ሰጡ። ምግብና ማደሪያ ብቻ እየተሰጣቸው ያስተማሩ አሉ። ነዳጅ መግዛት ያቃታቸው ሰዎች የመኪናቸውን ሞተር አውጥተው በፈረስ ያስጎትቱ ነበር። በካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር በቤኔት ስም የቤኔት ጋሪ ብለው ቀለዱበት።

ሥርዓቱ መቼ ቀረ? ዛሬስ ባለአደራ አለ?

ድርቁ ትንንሾቹ ወረዳዎች አቅም እንደሌላቸው አጋለጠ። በአልበርታ የትምህርት ሚኒስትርነቱንም ደርቦ የያዘው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም አበርሃርት፣ ራሱ የቀድሞ ርእሰ መምህር፣ ከ1936 ጀምሮ ብዙ ወረዳዎችን ወደ ትልልቅ ክፍሎች ማዋሐድ ጀመረ። በሳስካችዋን በ1944 የቶሚ ዳግላስ መንግሥት ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። በሳስካችዋን ብቻ ወደ 5,000 የሚጠጉ የገጠር ወረዳዎች ነበሩ። መንገድ ሲስተካከልና አውቶቡስ ሲመጣ ትንሿ ትምህርት ቤት ተዘጋች። አንዳንዷ ጎተራ ሆነች፣ አንዳንዷ የማኅበር አዳራሽ። ገበሬዎቹ ግን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። ዴስኩ የተሻለ ይሆናል፣ ውሳኔው ግን ከእጃችን ይወጣል አሉ። ሁለቱም እውነት ነበር።

ባለአደራነቱ ራሱ ዛሬም አለ። በካልጋሪም በኤድመንተንም ለትምህርት ቦርድ ባለአደራ የሚመረጠው ከከንቲባው ጋር በአንድ ቀን ነው። በአልበርታ ለመምረጥ የካናዳ ዜጋ፣ 18 ዓመት የሞላህ፣ የአልበርታም የምትመርጥበት አካባቢም ነዋሪ መሆን አለብህ። ብዙ ሐበሻ ከንቲባውን መርጦ ያንን ወረቀት ባዶ ትቶ ይወጣል።

የአንድን ሰፋሪ ወይም የአንዲት ትምህርት ቤት ታሪክ የት ማግኘት ይቻላል?

በር ላይ ያለውን ስምና ቁጥር ጻፉ፤ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። የመሬት ማመልከቻ ፋይሎች በየክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት አሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቶቹ መዝገብ ደግሞ በካናዳ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት ይገኛል። ፋይሉ ውስጥ ሰውየው ስንት ኤከር እንዳረሰ፣ ስንት ከብት እንዳለው፣ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ በራሱ እጅ ወይም በምልክት ፈርሞ ያገኛችሁታል። ሌላው ጥሩ ምንጭ የየአካባቢው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ብዙዎቹ በ1955 እና በ1980፣ ሳስካችዋንና አልበርታ ሃምሳኛና ሰባ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ፣ ነዋሪዎች ራሳቸው ያዘጋጇቸው ናቸው። የባለአደራዎቹና የአስተማሪዎቹ ዝርዝር ከነዓመቱ አለበት። የአነስተኛ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።